የግራ ቤት ሰዎች

በማርሳ ሐሊብ፣ ከጨው ማድረቂያው ሜዳ በታች ባሕሩን ተከትለው ከተሠሩት ቤቶች መካከል፣ ደጁ ላይ ከተሰበረ ጀልባ ሳንቃ የተሠራ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያለበት አንድ ቤት አለ። የዚያ ቤተሰብ ስም ከመንደሩ ቋንቋ ወደ እኛ ሲመለስ «የግራ ቤት» ማለት ነው። ወንዶቹ እንደ ጎረቤቶቻቸው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጨው ይጭናሉ፣ ያገባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከሌላው የሚለዩበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሕር ወርዶ የቀረ ሰው ሲኖርና ቤተሰቡ ከእንግዲህ አይመጣም ብሎ የቆረጠ ዕለት፣ ከዘመዶቹ አንዱ ወደዚያ ደጅ መጥቶ «ተነሥ» ይላል፤ ከቤቱ ወንዶች አንዱም ይነሣና ባሕሩን በግራ እጁ አድርጎ፣ ማንንም ሳያናግር፣ ዳርቻ ዳርቻውን እስከ መቃብሩ አጥር ሄዶ ይመለሳል። ለቅሶ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የጠፋው ሰው ሚስት ካለችው የሐዘን ጊዜዋን መቁጠር የምትጀምረውም ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ሰውዬው ከጠፋ ሃያ ዓመት ቢሞላውም እንዳለ ይቆጠራል፤ ስሙም «ነበር» ተብሎ አይጠራም።

እኔ በዚያ መንደር አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ነገራቸው ሁሉ ያሥቀኝ ነበር። በዚያ ዳርቻ ሰው ከቤቱ ሲወጣ፣ ሙሽራ ስትመጣ፣ አዲስ ጀልባ ስትመረቅ፣ የጠፋ ግመል ሲፈለግ፣ ሁሉም ባሕሩን በቀኝ እጅ አድርጎ ነው የሚነሣው። ሱቁ በስተግራ አሥር እርምጃ ላይ የሆነ ሰው እንኳ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትንሽ ሄድ ብሎ፣ ቤቱን ከኋላ ዞሮ፣ እንደ አጋጣሚ የደረሰ መስሎ ሱቁ ውስጥ ይገባል። ባሕሩን በግራ አድርጎ ከደጅ የሚነሣው ቃሬዛ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ በር በግራ ታጥፌ ስሄድ፣ መንገድ ላይ የነበሩ ሴቶች ሁሉ ፊታቸውን ሸፍነው ግድግዳ ተጠጉልኝ፤ ማን ሞተ ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ።

የግራ ቤትን ታሪክ የነገሩኝ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስቱ ስለ ነገው አየር እንኳ ተስማምተው አያውቁም፤ ስለዚህም ታሪኩን ሲነግሩኝ አንዱ ያለውን ሌላው እያፈረሰ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም እየተቆጣ ነበር። በተስማሙበት ብቻ ብጽፍ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ባልተስማሙበት ላይ ደግሞ ወደ ልቤ የቀረበውን መርጫለሁ።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የተጀመረው መንደሩ ከአሥራ አምስት ቤት በማይበልጥበት ዘመን፣ በስተደቡብ አንድ ቀን ተኩል በሸራ በሚያስኬድ ቦታ ላይ ባለች ደሴት ነው። ደሴት ትባል እንጂ መሬቷ እንደ ጣት ቀለበት ነው፤ መካከሏ ጸጥ ያለ አረንጓዴ ውሃ፣ ዙሪያዋ ደግሞ ስፋቱ ከስድሳ እርምጃ የማይበልጥ፣ ጫማ የሚቆራርጥ፣ መርጃን የሚባል የባሕር ድንጋይና የነጭ አሸዋ ጠርዝ ነው። በላዩ ከሰው ቁመት ያልዘለለ የጨው ቁጥቋጦ እንጂ ሌላ የሚበቅልበት የለም፤ የሚጠጣ ምንጭም የላትም። ቀለበቱ በአንድ በኩል ብቻ ተቆርጧል፤ የባሕር ሰዎች ያንን ክፍተት አፏ ይሉታል። ባሕሩ ሲጎድል አፏን ሰው ጉልበቱን እያራሰ ይሻገረዋል፤ ሲሞላ ግን ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ወደ ውስጥም በኃይል ይፈስሳል። እግረ ፈጣን ሰው ደሴቲቱን በሁለት ሰዓት ዞሮ የተነሣበት ይደርሳል።

በዚያ ዘመን ሽሓም የሚባል ናኹዳ ነበር፤ ናኹዳ ማለት የጀልባ አለቃ ነው። ካሎይታ የሚባል አብሮ አደጉ ደግሞ ከደቡቡ ሜዳ ከብት አርቢዎች ወገን መዲና የምትባል ልጅ አግብቶ ነበር። በሠርጉ ሽሓም ሚዜው ነበር፤ ሙሽራዋንም ከሩቅ ዳርቻ በራሱ ጀልባ ያመጣት እሱ ነው። ካገባች በሦስተኛው ዓመት እናቷ «ዓይኔ ሳይጠፋ ልይሽ» ብላ ላከችባት። ካሎይታ ሚስቱን ይዞ ሳንቡክ በሚሏት በሽሓም ባለ ሸራ ጀልባ ወደ ደቡብ ተነሣ። ከእነሱ ሌላ በጀልባዋ ላይ የነበሩት ሁለት ባሕረኞች ብቻ ናቸው ይባላል።

በሁለተኛው ቀን የደቡብ ነፋስ ፊት ለፊት መጣባቸው። ሸራው አልሠራ ሲል ሽሓም ጀልባዋን ከደሴቲቱ በስተሰሜን፣ ማዕበሉ ከማይደርስበት ቦታ መልሕቅ አስጥሎ ነፋሱ እስኪያልፍ ለመጠበቅ ወሰነ። አንድ ሌሊት አደሩ፤ ነፋሱ ጭራሽ ባሰበት። ውሃቸው ማነስ ስለ ጀመረ ናኹዳው ለእያንዳንዱ በቆርቆሮ እየለካ ድርሻውን ይሰጥ ጀመር። በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ሆዷን ሲያገላብጣት ያደረችው መዲና መሬት ልርገጥ አለች፤ አወረዷት። ድንጋዩ ላይ ቆማ «ይሄም ይወዛወዛል እንዴ?» ብላ በሣቀች ጊዜ ሁሉም አብረው ሣቁ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሣቅ ሳይረሱ ይናገሩታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነግሩት ሌላ ሣቅ የላቸውምና።

ካሎይታ በድንጋዩ ጉድጓዶች ውስጥ ዝናብ የተወው ውሃ ይኖር እንደሆነ ልይ ብሎ ተነሣ። ድርሻውን አልጠጣም፤ ለእሷ ይቅር ብሎ ተወው።

«ከዚህ እንዳትንቀሳቀሺ፣ ዞሬ እመጣለሁ» አላት፤ እንደ ወጉም ባሕሩን በቀኝ እጁ አድርጎ ሄደ።

ዝናብ ያጠራቀመው ውሃ ካለ ብሎ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እያጎነበሰ፣ አንዴ በውጭው አንዴ በውስጠኛው ጠርዝ እያለ ቆየ። መዲና ጠበቀችው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን ባሏ ሳይጠጣ መሄዱን ከባሕረኞቹ ሰማች። ያን ጊዜ የእሱንም የራሷንም ድርሻ በአንድ የፍየል ቆዳ እርኮት ጨምራ፣ ወገቧ ላይ አስራ፣ ባሕሩን በቀኝ አድርጋ ተከተለችው። ማንም አልከለከላት፤ ሚስት ለባሏ ውሃ ስታደርስ ምን ተብሎ ይከለከላል?

ነፋሱ አሸዋውንና የባሕሩን ነጭ ብናኝ አንሥቶ ደሴቲቱን እንደ ጉም ሸፍኗት ነበር። ሃያ እርምጃ ርቆ የሚታይ የለም፤ ዱካም ወዲያው ይደፈናል፤ ድምፅ ደግሞ ከአፍ እንደ ወጣ ይቀራል። ካሎይታ ባዶ እጁን ዙሩን ጨርሶ፣ ባሕሩ ጎድሎ ነበርና አፏን በጉልበቱ ተሻግሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋ ዘንድ ደረሰ። ሚስቱ የለችም።

«ውሃ ይዛልህ ተከተለችህ» አለው ሽሓም።

«በየት በኩል?»

«በየት ትሄዳለች፣ በቀኝ ነዋ።»

ካሎይታ አልተቀመጠም። ጠጣ ቢሉት «እሷ ስትመጣ» ብሎ በቀኝ ተከተላት። እሷ ግን ከኋላው ስለነበረች፣ እሱ ከሄደ ትንሽ እንደ ቆየ ከአፏ በኩል ብቅ አለች። ሽሓም ባያት ጊዜ ደስ ብሎት እጁን አጨበጨበ።

«አሁን መጥቶ አንቺን ፍለጋ ተመልሶ ሄደ። ተቀመጪ እኅቴ፣ ዞሮ ይመጣል።»

«ጠጥቷል?»

«አልጠጣም።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ ልቀመጥ?»

ይህን ብላ በቀኝ ሄደች። ሽሓም ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ይህቺን ቅጽበት ሲያነሣ ይኖር ነበር ይባላል፤ በኃይል ይዤ ባስቀምጣት ምን ነበረበት፣ የሰው ሚስት እጇን ያዘ ቢሉኝስ ምን እሆን ነበር፣ ይል ነበር አሉ። እኔም እላለሁ፤ ምን ይሆን ነበር?

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ የሚጠይቀውን እኔም ጠይቄያለሁ፦ ከሁለቱ አንዳቸው በግራ ቢዞሩ መንገድ ላይ ፊት ለፊት አይገናኙም ነበር ወይ? ይገናኙ ነበር። ይህን ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ፤ ካሎይታም መዲናም አላጡትም። ነገር ግን በሕይወት ያለን ሰው ባሕሩን በግራ አድርጎ መፈለግ በዚያ መንደር ሰው ዘንድ ፍለጋ አይደለም። ሞቷል ማለት ነው፤ ሞቷል ማለት ብቻም አይደለም፣ ሙት ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ቀለበት ላይ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየተከተለ፣ ቀኑን ሙሉ ዞሩ።

ካሎይታ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አፏ ሲደርስ ባሕሩ መሙላት ጀምሮ ነበር። ውሃው እስከ ደረቱ መጣ፤ እሱ የባሕር ልጅ ስለሆነ እየዋኘም እየተጎተተም ተሻገረ። ጀልባዋ ዘንድ ሲደርስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ እግሩ በድንጋዩ ተበልቶ ደም ይፈስሰው ነበር። ሚስቱ ዳግመኛ መምጣቷን፣ ዳግመኛም መሄዷን ሰማ።

ያን ጊዜ ሽሓም ክንዱን ይዞ አቆመው።

«ካሎይታ፣ ስማኝ። አፏ እየሞላ ነው። አንተን እንኳ ደረትህ ድረስ አርሶሃል። መዲና ዋና አታውቅም። በግራ ሂድና አፏ ላይ ቆመህ ተቀበላት፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።»

«በግራ?»

«በግራ።»

«ሚስቴን በቁሟ ልቅበራት?»

«ወንድሜ፣ ድንጋይና ውሃ ነው እኮ! ግራው ምን ያደርጋታል?»

«ሚዜዬ ባትሆን ኖሮ ጥርስህን አረግፈው ነበር» አለው ካሎይታ። «ደክሟታል፣ መንገድ ላይ ትቀመጣለች። አፏ ጋ ሳትደርስ ከኋላዋ እደርስባታለሁ።» ክንዱን መንጭቆ በቀኝ በኩል ሮጠ። ጉሙም ዋጠው።

ሽሓም ለሁለቱ ባሕረኞች አንዳችሁ በግራ ሂዱ አላቸው። አንደኛው መልሕቁን ማየት ጀመረ፤ ሁለተኛው ሚስትና ልጅ አለኝ አለ። እንግዲህ የቀረው ሽሓም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ክፉኛ ተጣሉ። አንደኛው ሽሓም ጥቂት ብቻ ነው የቆመው ይላል። ሁለተኛው የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እስኪደርስ ቆመ፣ ሰገደ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተነሣው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሦስት ጊዜ በግራ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተመለሰ ይላል። እኔ የሦስተኛውን አምናለሁ። ሰው እንዲህ ነው የሚፈራው። እዚህ ላይ በደረስኩ ቁጥር ግን እናደዳለሁ፤ ሂድ እንጂ አንተ ሰው፣ ልለው ይቃጣኛል፤ እሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ!

በመጨረሻው ሽሓም ጥምጣሙን ፈትቶ ወገቡን ታጠቀ፤ ባሕሩን በግራ እጁ አድርጎም ሄደ። በመንደሩ ታሪክ ቃሬዛ ሳይሸከም በግራ የተነሣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይላሉ። አፏ ዘንድ ሲደርስ ውሃው እስከ ጠርዙ ሞልቶ ይጋልብ ነበር። መዲናን ወዲያው አያት። የወዲያኛውን ዳር ለቅቃ ገብታ ኖሯል፤ ከወዲህኛው ዳር ሦስት ክንድ ያህል ሲቀራት ቀሚሷ መርጃኑ ላይ ተይዞ፣ ፊቷ ወደ ታች ሆኖ ውሃው ያወዛውዛት ነበር። ወገቧ ላይ ያሰረችው እርኮት ከጎኗ ተንሳፍፎ ነበር። አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም ይባላል። ቀኑን ሙሉ በነፋስና በፀሐይ ስትዞር ውላ፣ ለእሱ ብላ፣ አልጠጣችም።

የመንደሩ ሴቶች ለብቻቸው የሚጨምሩት ነገር አለ። በዚያ አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ሽሓም ከመነሣቱ በፊት፣ ነፋሱ ዘወር ባለ ጊዜ፣ ቀጭን የሴት ድምፅ «ካሎይታ!» ሲል ሁለት ጊዜ ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን የትኛዋ ሚስት ናት ባሏን በስሙ የምትጠራ ብሎ ከነፋሱ ቆጠረው ይላሉ። ወንዶቹ ይህ የሴቶች ወሬ ነው ይላሉ። እውነትም ይሁን ውሸት፣ ከታሪኩ ላወጣው አልቻልኩም።

ሽሓም ሊያወጣት ውሃው ውስጥ ሲገባ፣ ካሎይታ ከወዲያኛው ዳር ከጉሙ ውስጥ ወጣ። እንዳሰበው በቀኝ ሲሮጥ ኖሮ፣ በመንገድ ሁሉ ላይ አልደረሰባትም፤ የደረሰባት አፏ ላይ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ከወዲህና ከወዲያ ቆሙ፤ እሷ በመካከላቸው ነበረች። ካሎይታ መጀመሪያ ያየው ግን ሚስቱን አይደለም ይባላል። መጀመሪያ ያየው ሽሓም የቆመበትን ወገን ነው።

«በየት በኩል መጣህ?» ብሎ ጮኸ።

ሽሓም ጎንበስ ብሎ ቀሚሷን ከድንጋዩ ማላቀቅ ጀመረ።

«ሽሓም! በየት በኩል መጣህ?»

«በግራ» አለው።

«ገደልካታ» አለ ካሎይታ፤ አሸዋው ላይም ተቀመጠ።

ነፋሱ በማግስቱ ቆመ። አስከሬኗን ይዘው ወደ ማርሳ ሐሊብ ተመለሱ፤ በመንገድ ሁሉ ካሎይታ እርኮቱን ከእቅፉ አላወረደም፣ ከእሱም አልጠጣም። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ ይህ ሰው ሚስቴ በሕይወት ሳለች በግራ ተነሣባት ሲል ከሰሰ። ሽሓም ደግሞ ስለራሱ አልተከራከረም። ካሎይታ በግራ ቢሄድ ኖሮ ትተርፍ እንደነበር መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ሚዜ ነው።

ሽማግሌዎቹ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት ይባላል። «ስትነሣ ሞታ ነበር ወይስ በሕይወት ነበረች?»

ሽሓምም «አላውቅም፤ ቶሎ ብነሣ ኖሮ በሕይወት ነበረች» ብሎ መለሰ።

ሦስት ቀን ተቀመጡበት። በአራተኛው ቀን ፈረዱ፤ ፍርዱም ቅጣት ይሁን ሹመት እስከ ዛሬ የለየለት የለም። ካሎይታን፣ ሚስትህን የገደላት ውሃ ነው፣ ከሰው የምትጠይቀው ደም የለህም አሉት። ሽሓምን ደግሞ እንዲህ አሉት ይባላል፦ እግርህ ግራውን አንድ ጊዜ ለምዷል፤ ሌላ ሰው ከእንግዲህ አይልመደው። የጠፋ ሰው ሲኖርና ወገኑ ሲቆርጥ አንተ ትሄዳለህ፤ ከአንተም በኋላ ልጆችህ። ሳይጠሩህ ግን አትነሣም። ካሎይታ ይህን ሰምቶ ወጣ፤ ከሽሓም ደጅ ፊት ለፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲኖር አንድ ቀን ሰላም አላለውም። ካሎይታ ራሱ ከዓመታት በኋላ ባሕር ወርዶ በቀረ ጊዜ ዘመድ አልነበረውምና «ተነሥ» የሚል አልተገኘም። በሕጉ መሠረት ካሎይታ ዛሬም አልሞተም።

ዛሬ በአግዳሚው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዑስማን የሚባል ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ከሽሓም ሰባተኛ ትውልድ ነኝ ይላል። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ጠዋት ጠዋት በደጁ የምታልፍ ሰዓዳ የምትባል ሴት ነበረች፤ ልጇ በጨው ጀልባ ሄዶ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ዑስማን ከማንም ጋር ቆሞ እየተጫወተ ቢሆን እሷን ከሩቅ ካየ ቶሎ ብሎ ይቀመጣል። የግራ ቤት ሰው ቆሞ ማየት ሰው የጠፋባቸው ሁሉ ይፈራሉና ነው። ሰላምታዋንም ተቀምጦ ይመልስላታል፤ ሌላ ሴት ብትሆን ነውር ነበር።

ልለቅ ስል ልሰናበተው ሄድኩ። ሰዓዳ ሁለት ጊዜ መጥታ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። መጥታ ፊቱ ቆማ «ተነሥ» አለችው። እሱም ጉልበቱን እያሸ፣ እግሬን አሞኛል እናቴ፣ ዛሬ አይሆንልኝም፣ ሌላ ቀን ነይ፣ አላት። እሷም እሺ ብላ ሄደች፤ ስትመለስ እርምጃዋ ፈጥኖ ነበር አለኝ። በዓመቱም መጣች፤ አሁንም እግሬን አለ፤ አሁንም ሄደች። የዑስማን እግር ምንም እንዳልሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጠዋት ጠዋት ጀልባ ሲጎትት ያየዋል።

«ቶሎ መነሣት ነበረበት የተባለው ሽሓም ነው» አልኩት። «አንተ ደግሞ ታዘገያለህ።»

«እሱ የሄደው ወደምትተርፍ ሰው ነው መምህር» አለኝ። «እኛ የምንሄደው ወደማን ነው?»

«እንደገና ብትመጣስ?»

ዑስማን ወደ ባሕሩ ዞረ። እግሬን ማለት የሚፈቀድልን ሁለት ጊዜ ነው፣ በሦስተኛው መነሣት አለብኝ፣ አለኝ። ባለፈው ዓመት ከመንደሩ የመጣ ተማሪዬን አግኝቼ ስለ ሰዓዳ ጠየቅሁት። ደህና ናት አለኝ፤ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፤ በዚያ ደጅ ማለፍ ግን ትታለች፣ አሁን ቤቷን ከኋላ ዞራ በሌላ መንገድ ነው ገበያ የምትሄደው።